ካርታውን የሠሩት አዳኞች

ባለፈው በጋ አንድ ደንበኛዬ ከናይሮቢ ደውሎ ከቦሪ ወጣ ብሎ ያለውን ኩሬ «ሎኬሽን ላክልኝ» አለኝ። ዕቃ የሚያራግፍበት ቦታ የፈለገ መስሎኝ ብዙም አልጠየቅሁ፤ ነጥቡን ላክሁለት። ሳምንት ሳይሞላ፣ ማታ ማታ ሁለት መኪና መብራቱን እያበራ በኩሬው ዙሪያ ሲዞር ታየ ተባለ። ምን እንዳደረጉ በዓይኔ ስላላየሁ አልፈርድባቸውም። አንድ የቦረና ሽማግሌ ግን ሱቄ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ የውኃውን መንገድ ለሰው ስትሰጥ የማንን ፈቃድ ጠየቅህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ የሳቸው ጥያቄ ነው። ስለ ጂፒኤስና ስለ አደን ላነብ ተቀምጬ ያገኘሁት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በየቀኑ የምንሻገረው ድንበር ራሱ ከአደን ጉዞ ጋር የተወለደ መሆኑን። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ወዲህ ማዶ የለመድነው እሱን ነው።

ወደዚህ አገር ከመጡት የመጀመሪያዎቹ አውሮፓውያን ብዙዎቹ አዳኞች ነበሩ። የሃንጋሪው መኳንንት ሳሙኤል ቴሌኪ በ1888 ቱርካና ሐይቅ ዳር ሲደርስ ልቡ ያለው ከትልልቅ አውሬ ላይ ነበር። አብሮት የነበረው የኦስትሪያ ባሕር ኃይል መኮንን ሉድቪግ ፎን ሆኔል ደግሞ መንገዱን እየለካ ካርታ ይሠራ ነበር። አንዱ ጠመንጃ፣ ሌላው መለኪያ ይይዛል ማለት ነው። ጥምረቱ ከዚያ በኋላም ደጋግሞ ይመጣል። በ1899 እና በ1900 በኢትዮጵያ አልፎ ወደዚያው ሐይቅ የወረደው የእንግሊዛዊው ጄምስ ሃሪሰን ጓድ ከአዳኞቹ ሌላ አንድ ቀያሽና የአውሬ ቆዳ የሚያሰናዳ አንድ ባለሙያ ነበረው። ምክንያቱ ለነጋዴ አይጠፋውም፤ ሥጋው ተሸካሚውን ይቀልባል፣ የዝሆን ጥርሱ ወጪ ያቃልላል፣ ካርታው ለንደን ሲደርስ ስም ያስገኛል። በዚያ ጓድ ውስጥ አርቺባልድ በተር የሚባል ስኮትላንዳዊ ባለርስት ነበረ። ይህን ስም ያዙልኝ።

አጼ ምኒልክ ግዛታቸውን እስከ ቦረና ከዘረጉ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። እንግሊዞች በበኩላቸው ምሥራቅ አፍሪካን ይዘዋል። በመካከል ያለው ወሰን የት ላይ ይለፍ? ይህን አይቶ የሚመጣ የቅየሳ ጉዞ በ1902 መጨረሻ ከአዲስ አበባ ተነሣ። ገንዘቡን ከኪሱ ያወጣው ያ አዳኝ፣ በተር ነው። የሚለካው የእንግሊዝ መሐንዲስ ጦር መኮንን የነበረው ካፒቴን ፊሊፕ ሞድ ነው። የአንድ ሀብታም የአደን ጉጉትና የአንድ መንግሥት የወሰን ፍላጎት በአንድ ቅፍለት ተጭነው ቦረና ገቡ። ሞድ ያቀረበው መስመር በኋላ «ቀይ መስመር» በሚል ስም ታወቀ።

በዚያ ዘመን ቦታ እንዴት ይለካ እንደነበር ማወቁ ደስ ይላል። ከሰሜን ወደ ደቡብ ያለው ልክ በሌሊት ከከዋክብት ከፍታ ይገኛል። የምሥራቅና የምዕራቡ ግን የሰዓት ጉዳይ ነው። ሰዓቱ 4 ሴኮንድ ብቻ ቢዛነፍ ቦታው በእኛ አካባቢ 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል ይዛነፋል። በግመል ጀርባ ወራት ሲንገጫገጭ የከረመ ሰዓት 4 ሴኮንድ እንዳይስት ማድረግ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ቀያሾች ከኮረብታ ወደ ኮረብታ እያነጣጠሩ በሦስት ማዕዘን ያስተካክሉታል። ዛሬ ቀን የጠራ ሰማይ ሥር ስልካችን 5 ሜትር ገደማ ስቶ የሚነግረንን ነገር ለማግኘት ያን ሁሉ ይለፉ ነበር።

ቅየሳው ፍሬ ያፈራው ኅዳር 26 ቀን 1900 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ታኅሣሥ 6 ቀን 1907። ምኒልክና እንግሊዝ የወሰኑን ስምምነት ያደረጉት በዚያ ቀን ሲሆን መሠረቱ የሞድ መስመር ነው። ከስምምነቱ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ እንዲታወስ እፈልጋለሁ። ከመስመሩ ወዲያና ወዲህ ያለው ሕዝብ እንደ ቀድሞው በሌላው በኩል ከብቱን ማሰማራት እንደሚችል፣ ወደ ውኃ ጉድጓዶቹም በነጻ እንደሚደርስ በጽሑፍ ሰፍሯል። መስመሩን ያሰመሩት ሰዎች ራሳቸው መስመሩ በከብትና በውኃ መካከል እንደሚያልፍ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ1908 እና በ1909 ሻለቃ ቻርልስ ግዊን መስመሩን መሬት ላይ ሊያወርድ መጣ፤ በየቦታው ከቀዩ መስመር ፈቀቅ ስላደረገው ኢትዮጵያ አልተቀበለችውም። ከዚያ በፊት በ1905 እንግሊዞች ፊሊፕ ዛፊሮ የሚባል ግሪካዊ የድንበር ተቆጣጣሪ አድርገው ሾመው ነበር። ይህ ሰው ከድንበር ጥበቃው ሌላ አውሬና ወፍ እየሰበሰበ ለሙዚየም ይልክ ነበር፤ አይጥ የምትመስል አንዲት ትንሽ እንስሳ እስከ ዛሬ በሳይንስ ስሟ የሱን ስም ይዛለች። እዚህም ድንበርና አውሬ አንድ እጅ ላይ ናቸው። በሞያሌ የእንግሊዝ በኩል የተቆረቆረው ምሽግ በአዲስ አበባው የእንግሊዝ ሚኒስትር ስም ፎርት ሃሪንግተን ተባለ። ክርክሩ የተቋጨው ከብዙ ዓመት በኋላ ኢትዮጵያና ኬንያ ሰኔ 1970 ሞምባሳ ላይ ውል ሲፈራረሙ ነው።

እነዚህ ሰዎች ሁሉ በካርታው ላይ ያላሰፈሩት ነገር አለ። በቦረና ውኃ ባለቤት አለው። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች የየጎሳው ናቸው፤ ማን በየትኛው ቀን ከብቱን እንደሚያጠጣ ተራውን የሚይዝ አባ ሄረጋ የሚባል ሰው አለ። እንግዳ ሰው ጉድጓዱን ስላየ ብቻ አይጠጣም፣ ጠይቆ ነው። የአውሬውን መንገድ የሚያውቁትም ዋታዎች ነበሩ፤ በመርዝ በተቀባ ቀስት ዝሆን የሚጥሉ፣ በቦረና መካከል በአደን የኖሩ ሰዎች። የነሱ ዕውቀት ከሰውየው ጋር ይሄዳል፤ ማንን ይዞ እንደሚሄድ የሚመርጠውም ባለዕውቀቱ ራሱ ነው። ካርታ ላይ የወረደ ጉድጓድ ግን ለገዛው ሁሉ አንድ ነው። ሽማግሌው ሱቄ መጥተው የጠየቁኝ ይህንኑ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ጂፒኤስ ይህን ነገር እጅግ አፈጠነው። የአሜሪካ ጦር የመጀመሪያዋን ሳተላይት ያመጠቀው በ1978 ነው። በ1983 የኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን መንገድ ስቶ ሶቪየት ሰማይ ገብቶ 269 ሰው ካለቀ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ሬጋን አገልግሎቱ ለሲቪሉም ክፍት እንደሚሆን አስታወቁ። 24ቱ ሳተላይቶች ሙሉ ሥራ መጀመራቸው የተነገረው በ1995 ነው። እስከ ግንቦት 2000 ድረስ ግን ለሲቪሉ የሚሰጠው ምልክት ሆን ተብሎ ይበላሽ ስለነበር እስከ 100 ሜትር ይስታል። ያ በተነሣ ማግስት የመኪናም የአዳኝም መሣሪያ ትክክል ሆነ። በ2005 ጎግል ኧርዝ መጣና የሳተላይት ፎቶው ለማንም ተከፈተ።

የዛሬ አዳኝ ከቤቱ ሳይወጣ እንዴት እንደሚያስስ ላስረዳ። በፎቶው ላይ እንስሳውን አያየውም፤ መንገዱን ያያል። በበጋ የተነሣ ፎቶ ይከፍትና ያልደረቀውን ውኃ ይፈልጋል። ወደዚያ ውኃ ከየአቅጣጫው እንደ ክር የሚገቡ ቀጫጭን ነጫጭ መስመሮች የእግር ዱካ ናቸው። ቀጥሎ የከፍታ መስመሮቹን አይቶ በሁለት ኮረብታ መካከል ያለውን ዝቅ ያለ መሻገሪያ ይለያል፤ አጋዘንም ሆነ ሳላ ሽቅብ ከመውጣት በዚያ ማለፍ ይቀለዋል። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ያሰላል፣ ነጥቡን ያስቀምጣል፣ ሲደርስ ስልኩ ይመራዋል። አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የተሠራው ኦንኤክስ የተባለው መተግበሪያ በ2009 ሞንታና ላይ ሲጀምር ዋና ዕቃው የመሬት ባለቤትነት ወሰን ነበር፤ አዳኙ የማን መሬት ላይ እንደቆመ እንዲያውቅ። የኛ አገር ካርታ ላይ የጎደለው እሱ ነው። ሳተላይቱ ክፉ ነው አልልም። አፍሪስካውት በሚባለው መተግበሪያ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ያሉ አርብቶ አደሮች ከብታቸውን ከመንዳታቸው በፊት ሣሩና ውኃው የት እንዳለ ያዩበታል።

ሕጉን በተመለከተ ሞያሌ ላይ መሳሳት ዋጋው ከባድ ነው። ኬንያ አደንን ያገደችው ግንቦት 1977 ነው። በ2013 የወጣው የዱር እንስሳት ሕግ ሊጠፉ በተቃረቡ እንስሳት ላይ ለሚፈጸም ወንጀል እስከ ዕድሜ ልክ እስራት ደንግጓል። በኢትዮጵያ በኩል ግን አደን በፈቃድ ይቻላል፤ በተወሰነ ክልል፣ ለተወሰነ እንስሳ፣ ክፍያ ተከፍሎበት። ስለዚህ ያው ሳላ ጠዋት ማዶ ባለ ሕግ፣ ከሰዓት ወዲህ ባለ ሌላ ሕግ ሥር ይውላል። ስልክ ላይ የሚታየው የድንበር መስመር ደግሞ ሥዕል እንጂ ማስረጃ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ወጥመድ አለ። የቆዩት የኢትዮጵያ ካርታዎች አዲንዳን በሚባል መነሻ፣ የኬንያዎቹ አርክ 1960 በሚባል ሌላ መነሻ ላይ የተሠሩ ናቸው። ስልካችን ደግሞ ሦስተኛ መነሻ አለው። ከድሮ የኢትዮጵያ ካርታ ላይ ያነበብነውን ቁጥር እንዳለ ስልክ ውስጥ ብናስገባ ከእውነተኛው ቦታ 200 ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይጥለናል። የኬንያውን ብናስገባ 300 ሜትር ያህል ወደ ሰሜን። አንዱ ጉድጓድ በሁለቱ ካርታዎች መካከል ግማሽ ኪሎ ሜትር ተራራቀ ማለት ነው። ሞያሌ ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር ስንት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም፤ ሰው አገር ቀይሯል።

ነጥብ ደግሞ በብዙ መንገድ ያመልጣል። በ2013 ሕንድ ውስጥ አንገቱ ላይ ጂፒኤስ የታሰረለት ነብር የሚገኝበት መረጃ የሚላክበትን ኢሜይል ያልታወቀ ሰው ሊከፍት ሞክሮ ነበር። የኛ ከዚያ ይቀላል። ስልክ ፎቶ ሲያነሳ የቦታውን ቁጥር ፎቶው ውስጥ ሊደብቅ ይችላል። በዋትሳፕ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ቁጥሩ ይራገፋል፣ እንደ ፋይል ሲላክ ግን አብሮ ይሄዳል። ልጆቻችን ውኃ ዳር ያዩትን ቀጭኔ አንስተው ሲልኩ ይህን አያውቁም፤ ስልኩ ላይ የካሜራውን ሎኬሽን መዝጋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ወደ ናይሮቢ ስንወርድ የምናልፍባት ማርሳቢት አንድ ጊዜ አሕመድ የሚባል ዝሆን ነበራት። ጥርሱ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ የት እንደሚውል አገር ሁሉ የሚያውቀው ዝሆን ነበር። ስለዚህም በ1970 ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ በአዋጅ ጥበቃ አደረጉለት፤ ጠባቂዎች ቀን ከሌት እየተከተሉት በ1974 በራሱ ጊዜ ሞተ። ዛሬ አምሳሉ በናይሮቢ ሙዚየም ቆሞ ይታያል። ለኩሬያችን አጋዘኖች ግን እንዲህ ያለ አዋጅ የሚያወጣላቸው የለም።

ለሽማግሌው ሄጄ ጥፋቴን ነግሬያቸዋለሁ። ነጥቡንም ከስልኬ ሰርዣለሁ። ደንበኛዬ ስልክ ላይ ግን አሁንም አለ።