ሰይፍ ተቀባይዋ ኤሊና የስሟ ጣጣ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ቬትናሞች ለልጆቻቸው የሚነግሩት አንድ ተረት አለ፡፡ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አገራቸውን የቻይናው ሚንግ ሥርወ መንግሥት ይዞት ነበር፡፡ ሌ ሎይ የሚባል ባላባት በ1418 ሸፈተ፤ ከአስር ዓመት ትግል በኋላ ወራሪውን አስወጥቶ በ1428 ነገሠ፡፡ ያሸነፈው ደግሞ ከሰማይ በተላከለት ሰይፍ ነው ይባላል፡፡ ንጉሡ አንድ ቀን ሀኖይ መሀል ባለው ሐይቅ ላይ በጀልባ ሲንሸራሸር አንዲት ግዙፍ ወርቃማ ኤሊ ብቅ ብላ፣ ጦርነቱ አልቋልና ሰይፉን መልስ አለችው፡፡ መለሰ፡፡ ሐይቁም «ሆዋን ኪየም» ተባለ፤ «የተመለሰው ሰይፍ» ማለት ነው፡፡

ተረት ነው ብለን እንዳናልፈው ግን ሐይቁ ውስጥ በእርግጥም ግዙፍ ኤሊ ነበረች፡፡ የሀኖይ ሰው በአክብሮት «ቅድመ አያት» እያለ ይጠራታል፡፡ በ2011 ታማ ለሕክምና ስትያዝ 169 ኪሎ ትመዝን ነበር፡፡ ጃንዋሪ 19 ቀን 2016 ሞታ ተገኘች፡፡ ጊዜው የገዢው ኮሚኒስት ፓርቲ ጉባኤ ሰሞን ነበርና ብዙ ሰው እንደ መጥፎ ምልክት ቆጠረው፡፡

እንግዲህ ጥያቄው ወዲህ ነው፡፡ ይህች ኤሊ ማን ነበረች? ከየትኛው ዘር? ጥያቄው ለአዋቂዎች ብቻ የሚተው ሊመስል ይችላል፡፡ ነገር ግን በሕይወት የቀሩት አራት አምስት ብቻ ሲሆኑ፣ ማን ከማን ጋር ሊዳቀል እንደሚችል የሚወስነው ስም ነው፡፡

የስሟ ታሪክ ደግሞ ከመጀመሪያውም የተዝረከረከ ነበር፡፡ ሮበርት ስዊንሆ የተባለ የእንግሊዝ ቆንስል ከሻንጋይ የላከውን ናሙና መነሻ አድርጎ፣ የለንደኑ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ጆን ኤድዋርድ ግሬይ በ1873 ኤሊዋን በስዊንሆ ስም ሰየማት፡፡ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1880፣ ሻንጋይ ይኖር የነበረ ፈረንሳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒዬር ኡድ ያንኑ እንስሳ አምስት የተለያየ ዝርያ አድርጎ አምስት ስም አወጣለት፡፡ አንዷን «ነጠብጣባማ»፣ ሌላዋን «አረንጓዴ»፣ ሌላዋን «ገርጣ ያለች» እያለ፡፡ ሰውየው የሚያየው አንድ ዘር ነበር፤ ዓይኑ ግን አምስት አሳየው፡፡ በኋላ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠና ለበርካታ አስርት ዓመታት ከሌላ ግዙፍ የኤሊ ወገን ጋር ተቀላቅላ ተረሳች፡፡ ፒተር ሜይላንና ሮበርት ዌብ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1988 ነጥለው አወጧትና ራፌተስ ስዊንሆኢ ተብላ ተመዘገበች፡፡

ከዚህ በኋላ ነው አገር የገባበት፡፡ ሀ ዲን ዱክ የተባሉት የሀኖይ ፕሮፌሰር የሐይቋ ኤሊ ከቻይናዎቹ ጋር አንድ አይደለችም አሉ፡፡ በ2000 «ራፌተስ ሌሎዪ» የሚል ስም ወጣላት፤ በሌ ሎይ፣ ቻይናን ባስወጣው ንጉሥ ስም መሆኑ ነው፡፡ በ2010 ደግሞ ሌላ የቬትናም ቡድን «ራፌተስ ቬትናሜንሲስ» አላት፡፡ ስሙ ራሱ ዜግነት ሰጣት፡፡ ሰዎቹን ለመረዳት ያን ያህል አይከብድም፡፡ የነጻነት ምልክት ያደረጉት ፍጡር የእንግሊዝ ቆንስል ስም ተሸክሞ የቻይና ዝርያ ተብሎ ሲጠራ ማን ደስ ይለዋል?

ይህ ክርክር በሚካሄድበት ዘመን ዓለም አዲስ መሣሪያ አግኝቶ ነበር፡፡ በካናዳው የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ፖል ሄበርትና ባልደረቦቹ በ2003 አንድ ሐሳብ አቀረቡ፡፡ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሳሙናውም ዘይቱም ላዩ ላይ ባሉት ጥቋቁር መስመሮች እንደሚለይ፣ እንስሳትም ከአንድ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ሊለዩ ይችላሉ አሉ፡፡ ቁራጩ 650 ገደማ ፊደል አለው፤ የሚገኘውም ሚቶኮንድሪያ በሚባለው የሕዋስ ክፍል ውስጥ ነው፡፡ ስሙም ዲኤንኤ ባርኮድ ተባለ፡፡ ለኤሊ ይህ ትልቅ ነገር ነው፡፡ ኤሊ በእስያ ገበያ በሕይወቷ ብቻ አትሸጥም፤ ሥጋዋ ተከትፎ፣ ቅርፊቷ ተፈጭቶ ይሸጣል፡፡ ዱቄት አይቶ ዝርያ የሚለይ የጉምሩክ ሠራተኛ የለም፡፡ ዲኤንኤው ግን ከዱቄቱም ሊነበብ ይችላል፡፡

በ2011 የቬትናሙ ተመራማሪ ሌ ዱክ ሚን ያሉበት ዓለም አቀፍ ቡድን የ174 የኤሊ ዝርያዎችን ባርኮድ አንብቦ፣ ቀደም ብለው ከታተሙ የ50 ዝርያዎች ባርኮዶች ጋር አቀናጀ፡፡ በአንድ ዝርያ አባላት መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ 1.3 በመቶ ሲሆን፣ በቅርብ ዘመዳም ዝርያዎች መካከል ያለው ግን 6.4 በመቶ ሆኖ ተገኘ፡፡ ጥሩ ነው፡፡ ሆኖም 49 ዝርያዎች ከዘመዶቻቸው የሚለዩት ከ2 በመቶ ባነሰ ነበር፡፡ ማለትም መሣሪያው ብዙውን ጊዜ ይሠራል፤ ሁልጊዜ ግን አይሠራም፡፡

ሌላም ጉድለት አለው፡፡ የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው፡፡ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ማውሬሚስ ኢቨርሶኒ የሚባለው ኤሊ ነው፡፡ በ1991 አዲስ ብርቅ ዝርያ ተብሎ ተሰየመ፡፡ የኋላ ኋላ ዘሩ ሲመረመር የሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ዲቃላ ሆኖ ተገኘ፡፡ እንዲህ ያለውን ኤሊ በባርኮድ ብቻ ብንጠይቀው የእናቱን ስም ይነግረንና አባቱን ይደብቃል፡፡ ስለዚህ ጥንቁቅ ተመራማሪ ከአባትም ከእናትም የሚወረሰውን የኒውክሊየስ ዲኤንኤ ጨምሮ ይመረምራል፤ ናሙናው ከየት ወንዝ እንደመጣም ያጣራል፡፡

ወደ ሀኖይ እንመለስ፡፡ ሌ ዱክ ሚንና አሜሪካዊው የኤሊ ሊቅ ፒተር ፕሪቻርድ በ2009 ከቬትናምና ከቻይና የተገኙ ናሙናዎችን አነጻጽረው ሰፊ ልዩነት አላገኙም፡፡ የ2010ሩ ስም በወጣ በዓመቱ ትችት ታተመበት፡፡ በ2014 የታተመው ሰፋ ያለ የዲኤንኤ ጥናትም ያንኑ አጸና፤ የሌ ሎይ ኤሊና የያንግትዜ ኤሊ አንድ ዘር ናቸው፡፡

ይህ ፍርድ ለምን ከበደ? ተረቱን ያስታውሷል፡፡ ኤሊዋ ቻይና የተባረረችበት ድል ማኅተም ናት፡፡ ዲኤንኤው ደግሞ በግዞት የተያዘው ወንድ ዘመዷ ያለው ቻይና ነው፣ ሱዡ ከተማ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ፣ አለ፡፡ ሁለት ስም ካላቸው ሁለት ዝርያ ናቸው፤ ሁለት ዝርያ ከሆኑ የሚያገናኛቸው ምክንያት የለም፡፡ አንድ ስም ካላቸው ግን ድንበሩን ተሻግሮ መነጋገር የግድ ነው፡፡

ቻይናዎቹ በበኩላቸው ቻንግሻ በሚባል ከተማ ለአስርት ዓመታት ማንነቷ ሳይታወቅ የኖረች ሴት ኤሊ አግኝተው በ2008 ወደ ሱዡ አመጧት፡፡ እንቁላል ጣለች፤ አንዱም አልተፈለፈለም፡፡ በ2015 ሲመረመር የወንዱ ብልት ጉዳት ደርሶበት ኖሯል፡፡ ሰው ሠራሽ የማዳቀል ሙከራ ተደጋገመ፡፡ በአፕሪል 2019፣ ከሌላ ሙከራ ማግስት፣ ሴቷ ሞተች፡፡

በዚህ መሀል ሳይንሱ አንድ እርምጃ ሄደ፡፡ ኤሊ ቆዳዋ ሲረግፍ፣ ስትጸዳዳ፣ ዲኤንኤዋን ውኃው ውስጥ ትተዋለች፡፡ በ2018 ተመራማሪዎች ሀኖይ አጠገብ ካለው ሱዋን ካን ሐይቅ ውኃ ቀድተው የዚህችን ዘር ፊደል አነበቡበት፡፡ ኤሊዋን ሳይዙ ማለት ነው፡፡ በኦክቶበር 2020 ደግሞ ዶንግ ሞ በሚባል ሐይቅ 86 ኪሎ የምትመዝን ኤሊ ተያዘች፤ ምርመራው ሴት ራፌተስ ስዊንሆኢ መሆኗን አረጋገጠ፡፡ ሱዡ ወንድ፣ ሀኖይ ሴት! ዓለም ተስፋ አደረገ፡፡ ኤሊዋ ወደ ሐይቋ ተመለሰች፡፡ በአፕሪል 2023 ሬሳዋ ውኃ ላይ ተንሳፎ ተገኘ፡፡ ያን ጊዜ በዓይን የሚታይ፣ በእርግጥ በሕይወት ያለ የተባለው የሱዡው ወንድ ብቻ ሆነ፡፡

ጥፋቱን ሁሉ በስም ጠቡ ላይ ብንጭን ግፍ ይሆናል፡፡ ዘሩን የጨረሱት አደን፣ እንቁላል ለቀማና የወንዞች መበላሸት ናቸው፡፡ ጠቡ የበላው ጊዜ ነው፡፡ ከ2008 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት በሁለቱ አገሮች ቢያንስ አራት ኤሊዎች በሕይወት ነበሩ፤ በእነዚያው ዓመታት ነበር ዜግነታቸው የሚያከራክረው፡፡

ዲኤንኤ ዘመድ ማን እንደሆነ ይነግራል፤ ዘመዳሞችን ማገናኘት ግን የሰዎች ሥራ ነው፡፡ የሆዋን ኪየሟ ኤሊ ዛሬ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ደርቃ ለጎብኚ ትታያለች፡፡ አሁን ስሟ አያከራክርም፡፡