ቲ ሕዋሳት፦ ሰውነት የተሸሸገ ጠላትን የሚከላከልበት ሥርዓት

የሰው ልጅ ሰውነት ራሱን ከተላላፊ በሽታዎች የሚከላከልባቸው ሁለት ዐበይት መንገዶች አሉ። አንደኛው በደምና በሌሎች የሰውነት ፈሳሾች ውስጥ በሚዘዋወሩ ፀረ እንግዳ አካላት አማካይነት የሚካሄድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሕዋሳት ራሳቸው በቀጥታ የሚሳተፉበትና ሕዋሳዊ መከላከል ተብሎ የሚጠራው ነው። የዚህ የሁለተኛው መንገድ ዋነኛ ባለድርሻዎች ቲ ሕዋሳት የተባሉት የነጭ የደም ሕዋስ ዓይነቶች ናቸው።

ሁለቱን መንገዶች የሚለያያቸው የጠላት መገኛ ነው። ፀረ እንግዳ አካላት ደጅ ላይ ያለውን ተሕዋስ ይይዛሉ፤ ደጁን አልፎ ጓዳ የገባውን፣ ማለትም በሰውነት ሕዋስ ውስጥ የተሸሸገውን ግን ሊደርሱበት አይችሉም። ቫይረሶች በሙሉ የሚራቡት በሕዋስ ውስጥ ነው። ከባክቴሪያዎችም መካከል እንዲሁ በሕዋስ ውስጥ መኖርን የለመዱ አሉ። ከእነዚህ መካከል በስፋት የሚታወቀው ሮበርት ኮክ መጋቢት 24 ቀን 1882 እ.ኤ.አ. በበርሊን ማግኘቱን ይፋ ያደረገው የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛ የሚሆነው በዚህ ባክቴሪያ ተይዟል። ይሁን እንጂ ከተያዙት ሰዎች በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት ጤነኛ ሆነው የሚኖሩት በአብዛኛው ቲ ሕዋሳት ያለማቋረጥ ጥበቃ ስለሚያደርጉላቸው ነው።

የቲ ሕዋሳት አመጣጥና ሥልጠና

ቲ ሕዋሳት መነሻቸው የአጥንት መቅኔ ነው። ከዚያም ከደረት አጥንት በስተኋላ ወደሚገኘው ታይመስ ወደሚባለው ዕጢ ተጉዘው በዚያ ይበስላሉ። «ቲ» የሚለው መጠሪያም ከዚሁ ዕጢ ስም የተወሰደ ነው። ታይመስ ለረጅም ጊዜ እንደ ጥቅም የለሽ አካል ሲቆጠር ኖሯል። የመከላከል ሥርዓት መሠረት መሆኑ የታወቀው ዣክ ሚለር የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ለንደን ውስጥ ዕጢው ገና በተወለዱበት ጊዜ የወጣባቸው አይጦች በሽታን መቋቋም እንደሚሳናቸው ካሳዩ በኋላ ነው።

በታይመስ ውስጥ የሚካሄደው ምርጫ ጥብቅ ነው። የሰውነትን የራሱን ሕዋሳት እንደ ጠላት የሚያጠቁትም፣ መለያ ምልክቶችን ማንበብ የማይችሉትም በዚያው እንዲሞቱ ይደረጋል። ፈተናውን አልፈው ወደ ደም የሚወጡት ጥቂቶች ናቸው።

ቲ ሕዋስ ተሕዋሱን በሙሉ አካሉ አያይም። እያንዳንዱ የሰውነት ሕዋስ በውስጡ ካሉት ፕሮቲኖች ቁርጥራጭ ወስዶ ከራሱ መለያ ምልክት ጋር በላዩ ላይ ያሳያል፤ ቲ ሕዋስ የሚያነበው ይህን ነው። ቁርጥራጩ የባዕድ ከሆነ ጓዳው እንደተደፈረ ይረዳል። ይህን በአውስትራሊያ ካንቤራ ያረጋገጡት ፒተር ዶኸርቲና ሮልፍ ዚንከርናገል እ.ኤ.አ. በ1996 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ባክቴሪያው ሲገባ የሚሆነው

በሳንባ ነቀርሳ የታመመ ሰው ሲያስል በአየር ላይ የሚሰራጨውን ባክቴሪያ ሌላው ሰው ሲተነፍሰው፣ በሳንባ ውስጥ ማክሮፋጅ የሚባሉ ትላልቅ ሕዋሳት ይውጡታል። የእነዚህ ሕዋሳት ተግባር የዋጡትን ፈጭቶ ማጥፋት ነው። ይህ ባክቴሪያ ግን የመፍጨቱን ሂደት አግዶ ሊገድለው በተዘጋጀው ሕዋስ ውስጥ ይራባል።

በዚህ ጊዜ የባክቴሪያውን ቁርጥራጭ የተሸከሙ ሌሎች ሕዋሳት ወደ ንፍፊት ተጉዘው ለቲ ሕዋሳት ያሳያሉ። ቁርጥራጩን የሚያውቀው ቲ ሕዋስ ይባዛና ወደ ሳንባ ይዘምታል። ይህ ሁሉ እስኪሆን ሳምንታት ያልፋሉ። ከዘመቱት መካከል ረዳት ቲ ሕዋሳት ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለውን መልእክተኛ ንጥረ ነገር በማመንጨት ማክሮፋጆችን ያነቃቃሉ፤ የተነቃቃው ማክሮፋጅም ቀድሞ ያቃተውን ባክቴሪያ መግደል ይጀምራል። ገዳይ ቲ ሕዋሳት ደግሞ የተያዘውን ሕዋስ ሽፋን ቀድደው ሕዋሱ እንዲሞት ያደርጋሉ። ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳት የተባሉት ሦስተኛዎቹ ውጊያው ከልክ አልፎ ጤነኛውን ሳንባ እንዳይጎዳ ይገታሉ።

ከሞት የተረፉትን ባክቴሪያዎች ሕዋሳቱ ዙሪያቸውን ከበው ግራኑሎማ በሚባል ጥቃቅን እባጭ ውስጥ ያግቷቸዋል። ሰውየው በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ አያስልም፣ አይከሳም፣ በሽታውንም ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይህ ድብቅ የሳንባ ነቀርሳ ይባላል።

በቆዳ ላይ የሚነበብ ማስረጃ

ኮክ እ.ኤ.አ. በ1890 ቱበርኩሊን የተባለውን የባክቴሪያውን ውጤት እንደ መድኃኒት አቅርቦት ነበር፤ አላዳነም። ሆኖም በባክቴሪያው የተያዘ ሰው ቆዳ ውስጥ ጥቂት ቱበርኩሊን ሲገባ ከ2 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ስፍራው ጠጥሮ ያብጣል። እብጠቱ የሚዘገየው ባክቴሪያውን የሚያስታውሱ ቲ ሕዋሳት ወደ ቦታው እስኪሰበሰቡ ጊዜ ስለሚወስድ ነው። ሜሪል ቼዝ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተሙት ጥናት ይህ ባሕርይ ከአንዱ የቤተ ሙከራ እንስሳ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በነጭ የደም ሕዋሳት እንጂ በደም ውኃ አለመሆኑን አሳዩ። ለሕዋሳዊ መከላከል መኖር ከቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ጠንካራ ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው።

በኢትዮጵያ የተወለዱ ብዙ ሰዎች በሕፃንነታቸው የቢሲጂ ክትባት ወስደዋል። ክትባቱ በተለይ ሕፃናትን ከከባድ የነቀርሳ ዓይነቶች ይከላከላል፤ አዋቂዎችን ከሳንባ ነቀርሳ የመጠበቅ አቅሙ ግን ያን ያህል አስተማማኝ አይደለም። ክትባቱ ራሱ ቲ ሕዋሳትን ስለሚያስተምር የቆዳው ምርመራ ባክቴሪያው በሌለበትም ሊያብጥ ይችላል። ኢንተርፌሮን ጋማን የሚለካው የደም ምርመራ በቢሲጂ ውስጥ የሌሉ ፕሮቲኖችን ስለሚጠቀም ይህን ውዥንብር ያስቀራል።

የሥጋ ደዌ ሁለት ገጽታዎች

የቲ ሕዋሳትን ሚና በግልጽ የሚያሳየው ሌላው በሽታ ሥጋ ደዌ ነው። የበሽታው ባክቴሪያ አንድ ሆኖ ሳለ ሕመሙ ከሰው ሰው ይለያያል። ቲ ሕዋሳቱ በብርታት የሚዋጉለት ሰው በቆዳው ላይ ጥቂት የደነዘዙ ምልክቶች ይታዩበታል፤ ባክቴሪያውም በምርመራ እምብዛም አይገኝም። የቲ ሕዋሳት ምላሽ የደከመበት ሰው ግን ፀረ እንግዳ አካላት በብዛት እያሉት ባክቴሪያው መላ ቆዳውን ያዳርሳል። እ.ኤ.አ. በ1970 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም መነሻውም የዚሁ በሽታ ጥናት ነው።

ጥበቃው ሲላላ

ድብቅ የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ጤና በጠባቂዎቹ ብርታት ላይ የተመሠረተ ነው። ኤች አይ ቪ በዋናነት የሚያጠፋው ረዳት ቲ ሕዋሳትን በመሆኑ ሳንባ ነቀርሳ በቫይረሱ ለተያዙ ሰዎች ዋነኛ የሞት ምክንያት ሆኖ ቆይቷል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ግን የሕዋሳቱን ቁጥር መልሶ ያሳድጋል። ሕክምና ያልተደረገለት የስኳር በሽታ፣ የምግብ እጥረት፣ ሲጋራ ማጨስ፣ ኮርቲዞንን ለረጅም ጊዜ መውሰድ፣ እንዲሁም ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚታዘዙ አንዳንድ የመከላከል ኃይልን የሚገቱ መድኃኒቶች ጥበቃውን ያላላሉ። እነዚህን መድኃኒቶች ከማዘዙ በፊት ሐኪም ስለ ነቀርሳ የሚጠይቀውም ስለዚህ ነው።

ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣ ሰው በጤና ምርመራው የደረት ራጅ ይነሣል። ራጁ የሚያሳየው በሳንባ ላይ የደረሰ ጉዳትን እንጂ የታገተውን ባክቴሪያ አይደለም። ስለዚህ ንጹሕ የሆነ ራጅ ከዓመታት በኋላ ለሚመጣ ሕመም ዋስትና አይሆንም። በአንጻሩም የቆዳው ወይም የደሙ ምርመራ ባክቴሪያው አለ ማለቱ ሰውየው ታማሚ ነው ማለት አይደለም፤ ሕመም መኖሩ የሚለየው በራጅና በአክታ ምርመራ ነው።

ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳትና ደም የቀላቀለ አክታ ከታዩ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ሕመሙ በመድኃኒት ይድናል፤ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይወስዳል። በጥቂት ሳምንታት ሳሉ ቢጠፋም መድኃኒቱን ማቋረጥ አይገባም፤ የተረፉት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ተላምደው ሊመለሱ ይችላሉና። ሕመሙ ለሌለባቸው፣ ነገር ግን ባክቴሪያው ላለባቸውና ለአደጋው ለተጋለጡ ሰዎችም የመከላከያ መድኃኒት አለ። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የታገቱትን ባክቴሪያዎች በማጥፋት ቲ ሕዋሳት ለብቻቸው ተሸክመውት የኖሩትን ጥበቃ ያቀልላቸዋል።