ፕሬዚዳንቱ ከኪሳቸው የከፈሉበት ሸክላ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ብሂል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ወደ ሹም ቤት በባዶ እጅ እንደማይኬድም እናውቃለን፤ የሚወሰደው ነገር እንኳ «እጅ መንሻ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ለመሆኑ የስጦታና የጉቦ ድንበር የቱ ላይ ነው? ውድ አንባቢያን፣ ለዚህ ጥያቄ ከወደ ኢንዶኔዥያ የተገኘ አንድ የሙዚቃ ሸክላ ታሪክ እነሆ።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 የዴንማርኩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላርስ ሎከ ራስሙሰን ኢንዶኔዥያን ሲጎበኙ ለፕሬዚዳንት ጆኮ ዊዶዶ ያበረከቱት ስጦታ ወርቅ ወይም ብር አልነበረም። ሜታሊካ የተባለው የአሜሪካ ሄቪ ሜታል ባንድ በ1986 ያወጣው «ማስተር ኦቭ ፐፔትስ» አልበም በሣጥን ሆኖ እንደገና የታተመበት ልዩ እትም ነበር፤ ሸክላዎች፣ ሲዲዎችና ካሴት አሉበት። የዴንማርክ ተወላጅ የሆነው የባንዱ ከበሮ መቺ ላርስ ኡልሪክም ፈርሞበታል። ጆኮ ዊዶዶ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የዚህ ሙዚቃ አፍቃሪ መሆናቸውን አገር ያውቃል፤ እንግዳውም ይህን ሰምተው ነው ያመጡላቸው።

ነገር ግን ፕሬዚዳንቱ ሸክላውን እንዲሁ ወደ ቤታቸው ሊወስዱት አልቻሉም። በአገሪቱ ሕግ አንድ ባለሥልጣን ከሥራው ጋር የተያያዘ ስጦታ ሲቀበል በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ለሙስና ማጥፊያ ኮሚሽን ማስታወቅ አለበት። ኮሚሽኑም ሣጥኑ የመንግሥት ነው ሲል ወሰነ። በ2018 መጀመሪያ ላይ ጆኮ ዊዶዶ 11 ሚሊዮን ሩፒያ፣ ማለትም 800 ዶላር ያህል፣ ከኪሳቸው ለመንግሥት ከፍለው ሸክላውን የራሳቸው አደረጉ። ቀደም ሲል በ2013 የጃካርታ ገዥ ሳሉም የሜታሊካ ባስ ተጫዋች የፈረመበት ጊታር ተሰጥቷቸው ነበር። ኮሚሽኑ እሱን ጨርሶ አልመለሰላቸውም።

ለአንድ ሸክላ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? የሚል አይጠፋም። ጀኔራል ሱሃርቶ አገሪቱን ከ30 ዓመታት በላይ ገዝተው በ1998 ከሥልጣን ሲወርዱ ቤተሰባቸውና ወዳጆቻቸው በሀብት ላይ ሀብት አካብተው ነበር። ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል በ2004 ባወጣው ግምት ሰውየው ከ15 እስከ 35 ቢሊዮን ዶላር መዝብረዋል። ሆኖም ሳይፈረድባቸው በ2008 አረፉ። ኮሚሽኑ በ2002 በወጣ ሕግ የተቋቋመው ያ ዘመን እንዳይደገም ነው። ጥርስ እንደነበረውም አሳይቷል፤ ፕሬዚዳንቱ የሸክላውን ዋጋ በከፈሉበት በዚያው ዓመት የፓርላማው አፈ ጉባኤ የነበሩት ሴትያ ኖቫንቶ በሙስና ወንጀል 15 ዓመት ተፈርዶባቸዋል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ባማረ! በሴፕቴምበር 2019፣ በእኚሁ ፕሬዚዳንት ዘመን፣ ፓርላማው የኮሚሽኑን ሕግ ለውጦ ነፃነቱን ሸረሸረው። ፕሬዚዳንቱም ለውጡን አላገዱም። ተማሪዎች በየከተማው አደባባይ ወጡ፤ በኬንዳሪ ከተማ ሁለቱ ሕይወታቸውን አጡ። በ2023 ደግሞ የፕሬዚዳንቱ የእህት ባል በሚመሩት የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የዕድሜ ገደቡ ላልቶ የ36 ዓመቱ የፕሬዚዳንቱ ልጅ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ፤ አሸነፈም። ዳኛው በሥነ ምግባር ጉድለት ከሰብሳቢነታቸው ተነሡ እንጂ ውሳኔው አልተሻረም።

እንግዲህ የ800 ዶላር ሸክላ ያስመዘገቡትም፣ ኮሚሽኑ ሲዳከም ዝም ያሉትም አንድ ሰው ናቸው። በ2018 ሸክላውን ያስከፈላቸው የግል ጨዋነታቸው ብቻ ሳይሆን፣ አስመዝግብ የሚል ሕግና የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት መኖሩ ነበር።

እኛ በስደት ያለን ሰዎች ስለ አገራችን ስንከራከር ክርክራችን አብዛኛውን ጊዜ «ማን ይምጣ?» በሚለው ላይ ነው። ከእርሱ ጎን ሌላም ጥያቄ ብናስቀምጥ ምን አለበት? የመጣው ሰው የተሰጠውን ስጦታ ለማን ነው የሚያስመዘግበው?