የጋፋት ምድጃና የበጌምድር ጎተራ

ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ በክረምት ዐፈሩን ተሸክመው ወርደው በፎገራ ሜዳ ላይ ይተኙና ወደ ጣና ይገባሉ፤ ስለዚህ ፎገራ በሣርና በወተት ላም የታወቀ ነው፥ ደጋውም ገብስና ስንዴ ያበቅላል። ይህን የመሰለ በረከት የያዘ አገር ስለ ምን በሀብት ወደ ኋላ ቀረ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፥ ከደብረ ታቦር ብዙ የማይርቀውን የጋፋትን ታሪክ ይመልከት።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ የእጅ ጥበብ የሚያውቁ የአውሮፓ ሰዎችን በጋፋት አስቀመጡ። ከነዚህም ዋልድማየር፥ ሳልሙለርና ሞሪትዝ ሆል ይገኙ ነበር። የሚበዙት የመጡት ወንጌል ለማስተማር ነበረ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን መድፍ ፈለጉ። በ1859 ዓ.ም. ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከነሐስ ቀልጦ ተሠራ፤ የአገር ልጆችም ጥበቡን እንዲማሩ ታዝዞ ነበር። በዚያ ዘመን ብረት አቅልጦ ማረሻ የሚሠራ ሰው «ቡዳ» እየተባለ ይናቅ ነበርና፥ ንጉሥ የእጅ ሥራን ሲያከብር መታየቱ ብቻ አዲስ ነገር ነው። በማረሻው አርሶ እየበሉ ሠሪውን መናቅ እንዴት ያለ ነገር ነው!

ዳሩ ግን የጋፋት ምድጃ የነደደው በገበሬው ጎተራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በመጀመሪያ ወታደሩ ገበሬውን እንዳይዘርፍ ደመወዝ ሊቈርጡለት ዐስበው ነበር፤ ይህ ዐሳባቸው ከመድፉ ይበልጣል። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? የቤተ ክርስቲያንን መሬት ለመቀነስ ቢነሡ ከአቡነ ሰላማና ከካህናቱ ጋራ ተጣሉ፤ እውነቱን ለመናገር፥ መሬት የያዘው ሁሉ፥ ካህንም ይሁን መኰንን፥ ከድርሻው ማካፈልን አልወደደም። አውራጃዎቹም አንድ በአንድ ሲሸፍቱ ቀለቡ ሁሉ በበጌምድር ላይ ወደቀ። ሠራዊቱ ጎተራውን ገለበጠ፥ ከብቱን ነዳ። ነገ የሚወሰድበትን እህል ገበሬ ስለ ምን ብሎ ያርሳል? ዐፈሩ ያው ዐፈር፥ ወንዙም ያው ወንዝ ሳለ እርሻው ጠፋ፤ ገበሬውም ሸፈተ።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ መንገድ እያስጠረጉና ሴባስቶፖልን በሰው ጕልበት እያስጐተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። ጕዞው ከአምስት ወር በላይ ፈጀ። ሚያዝያ 6 ቀን በዚያው ሞቱ።

በዚያው ዓመት በጃፓን አዲስ መንግሥት ቆመ። የጃፓን ምድር ተራራ የበዛበት ስለ ሆነ ለእርሻ የሚመቸው ጥቂት ነው። በ1865 ዓ.ም. ግን መሬቱ ለባለይዞታው በወረቀት ተጻፈለትና ግብሩ በገንዘብ ተወሰነ። ግብሩ ከባድ ነበር፤ ነገር ግን ገበሬው የሚከፍለውን አስቀድሞ ዐወቀ፥ መንግሥቱም በየዓመቱ የሚገባለትን ዐውቆ ፋብሪካና ትምህርት ቤት ሠራ።

የጋፋት ሰዎች ግን ከመቅደላ እስረኞች ጋራ ሆነው የእንግሊዝን ጦር ተከትለው ከኢትዮጵያ ወጡ። ሞሪትዝ ሆል በያፋ ኖረ፤ ዋልድማየርም ወደ ሊባኖስ ተሻግሮ በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋመ። መድፉ እስከ ዛሬ በመቅደላ ዐምባ ላይ አለ።