የካፕሱል መክተቻ

የካፕሱል መክተቻ ባዶ ቀለህን መልሶ ለመሙላት የሚያገለግል መሣሪያ ሲሆን፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን ትንሽ ቆብ (ካፕሱል) በቀለሁ መቀመጫ ላይ ወዳለው ጉድጓድ ገፍቶ ያስገባል። ጠረጴዛ ላይ የሚታሰርና በመዳፍ የሚያዝ ዓይነት አለው። የሚሻለው የመዳፉ ነው፤ ካፕሱሉ የጉድጓዱን ወለል ሲነካ ጣት ወዲያው ያውቀዋል። ጉዳቱ ድካም ነው፤ መቶ ቀለህ ማለት መቶ ጊዜ መጨበጥ ነው። በአውራ ጣት ብቻ የሚገፋ ሞዴል ከጥቂት ደርዘን በኋላ አንጓ ያሳምማል። እጀታው ረዥምና ሰፊ፣ ኃይሉም በአራቱ ጣቶች ላይ የሚያርፍ ቢሆን ይመረጣል። ካፕሱል በምት ስለሚፈነዳ የዓይን መከላከያ መነጽር ግዴታ ነው።



በዱባይ ግን ቀለህ መልሶ መሙላት የቤት ውስጥ ሥራ ሊሆን አይችልም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ሕግ ያለ ፈቃድ ጥይት መያዝንም መሥራትንም ይከለክላል። በኢትዮጵያም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ይህን አይፈቅድም። በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን የምትኖሩ ወገኖች፣ ባዶ ቀለህ ለማስታወሻ ብላችሁ እንኳ በሻንጣ አትያዙ።