በእንግሊዝኛ ሰዋስው ስምና ቅጽል እንዴት እንደ ተለያዩ

እንግሊዝኛ የተማረ ሰው ሁሉ ከትምህርት ቤት ይዞት የወጣው አንድ የቈየ ቅሬታ አይጠፋውም። የእኔ ቅሬታ ስለ አንዲት ቃል ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ «ሂ ኢዝ ፑር» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ፑር» ስም ነው ወይስ ቅጽል የሚል ጥያቄ በፈተና ቀረበልን። እኔም በአማርኛ «ድኻ መጣ»፣ «ድኻው ሄደ» እንደምንል አስቤ ስም ነው ብዬ ጻፍሁ። መምህሩ በቀይ ቀለም ሰረዙብኝ፤ ምክንያቱን ብጠይቃቸው ግን «ቅጽል ስለ ሆነ ነው» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልሰጡኝም። በኋላ ሥራ ይዤ የሰዋስውን ታሪክ ስመረምር፣ የእኔ ስሕተት ለብዙ መቶ ዓመታት የሊቃውንት ትምህርት ሆኖ የኖረ መሆኑን ተረዳሁ።

እንግሊዞች ሰዋስውን የተቀበሉት ከላቲን ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት በሮም ያስተማረው ዶናቱስ የንግግርን ክፍሎች ስምንት አድርጎ ሲቈጥር፣ ለቅጽል የተለየ ቦታ ሳይሰጥ ከስም ጋር ደመረው። ይህንም ያደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም። በላቲን «ማርኩስ ኤስት ፖኤታ» ማርቆስ ባለቅኔ ነው ማለት ሲሆን፣ «ማርኩስ ኤስት ቦኑስ» ደግሞ ማርቆስ ደግ ነው ማለት ነው። «ኤስት» ከሚለው ነባር አንቀጽ ጋር የሚነገረው ቃል ስምም ይሁን ቅጽል በአገባቡ ባለቤቱን ይከተላል፤ ባለቤቱ ሲበዛም ሁለቱም መድረሻቸውን ይለውጣሉ። እንዲህ ጠባያቸው የተመሳሰለውን ቃላት በአንድ ቤት ማኖር የሚያስነቅፍ አይደለም።

በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1540 ገደማ፣ በእንግሊዝ አገር ትምህርት ቤቶች እንዲሠራበት የታዘዘው በዊልያም ሊሊ ስም የሚጠራው የላቲን ሰዋስው ስምን ለሁለት ከፈለ። ብቻውን የሚቆመውን «ናውን ሰብስታንቲቭ»፣ ሌላ ቃል ካልደገፈው የማይቆመውን ደግሞ «ናውን አድጀክቲቭ» አለው። በ1586 ዊልያም ቡሎካር ስለ እንግሊዝኛ የመጀመሪያውን ሰዋስው ሲያሳትም ይህንኑ አከፋፈል ተከተለ። እኔም በቡሎካር ዘመን ተፈትኜ ቢሆን ኖሮ የነጥቡን እኩሌታ ባገኘሁ ነበር!

ነገር ግን ቡሎካር ሲጽፍ ቋንቋው ራሱ አስቀድሞ ተለውጦ ነበር። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቅጽል እንደ ስም በጾታና በቍጥር መድረሻውን ይለዋውጥ ነበር። መድረሻዎቹ ግን ቀስ በቀስ እየደከሙ ሄደው፣ በ15ኛው መቶ ዓመት ጨርሰው የጠፉ ያህል ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ስም ሲበዛ በመጨረሻው «ኤስ» ይጨምራል፤ ቅጽል ግን ለአንድም ለብዙም ያው ነው። ሊቃውንቱ ለላቲን የተሰፋውን ልብስ ልኩ ላልሆነው ቋንቋ ማልበሳቸውን የተዉት ዘግይተው ነው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባወጣው መዝገበ ቃላት ለስም የሚጽፈው ምልክት «ኤን. ኤስ.» የሚል ነበር፤ ይህም የዚያው የጥንቱ «ናውን ሰብስታንቲቭ» አጽሕሮት ነው። ሮበርት ሎውዝ በ1762 የንግግርን ክፍሎች ዘጠኝ አድርጎ ቅጽልን ለብቻው ቈጠረው። ከእርሱ በፊትም እንዲህ ያደረጉ ነበሩ፤ ሆኖም በ1795 ሊንድሊ መሪ ያንኑ አከፋፈል ይዞ የጻፈው መጽሐፍ በእንግሊዝና በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ስለ ተስፋፋ፣ መለያየቱ በዚያው ጸና።

እንግዲህ ሁለቱ ከ«ኢዝ» ቀጥለው ሲመጡ በምን ይታወቃሉ? «ሂ ኢዝ ኤ ፉል» ስንል ሰውየው ምን እንደ ሆነ መሰየማችን ነው፤ «ሂ ኢዝ ፉሊሽ» ስንል ግን ጠባዩን መግለጣችን ነው። ብዙ መምህራን «ኤ» የምትለውን ፊደል ምልክት ያደርጓታል፤ ነገር ግን እርስዋ ሁልጊዜ አትታመንም። «ሊንከን ዋዝ ፕሬዚዳንት» ሲባል «ኤ» የለችም፤ «ፕሬዚዳንት» ግን ስም ነው። ከዚህ ይልቅ የሚሻለው «ቬሪ» ነው። «ቬሪ ፉሊሽ» ይባላል፤ «ቬሪ ፉል» ግን አይባልም። አስቸጋሪው የእኔው «ፑር» ነው፤ ድኾችን በጅምላ ለመጥራት «ዘ ፑር» ስለሚባል ስም ይመስላል። ቢሆንም ብዙ ሰዎችን ሲያመለክት እንኳ «ኤስ»ን አይቀበልም፤ «ዘ ቬሪ ፑር» ማለትም ይቻላል።

አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ በዚህ ቢሳሳት የሚያስደንቅ አይደለም። እኛ «ልጆቹ ደጎች ናቸው» እንላለን፤ ቅጽላችን እንደ ስም ስለሚበዛ ነገሩን የምናየው ዶናቱስ እንዳየው ነው። ሆኖም «በጣም ድኻ ነው» የሚል ሰው «በጣም ገበሬ ነው» አይልም። መምህሩ በዚያን ቀን «በጣም»ን ጨምረህ ሞክረው ቢሉኝ ኖሮ፣ ስሕተቴን በገዛ አፌ ሰምቼ ወደ መቀመጫዬ በተመለስሁ ነበር።