ሸሹ ወይስ ተሰደዱ?

እኛ አገር ጀግና ለመባል አቋራጩ መንገድ መሞት ይመስላል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ለእንግሊዝ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን አጠፉ። ዐፄ ዮሐንስ መጋቢት 1881 መተማ ላይ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ። እንግዲህ ከነዚህ በኋላ ዙፋን ላይ የሚቀመጥ ሰው ክፉ ቀን ሲመጣበት ከማን ጋር እንደሚወዳደር አስቡት!

ክፉው ቀን የመጣው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ላይ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ ጦራቸው ተሸነፈ። ሲያፈገፍግም ከሰማይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ወረደበት። ንጉሡ አዲስ አበባ ሲደርሱ መኳንንቱ መከሩ። አብዛኛው «ጄኔቭ ሄደው ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ይበሉ» አለ። ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ግን ንጉሥ አገሩን ጥሎ አይወጣም ብለው ሞገቱ። ሚያዝያ 24 ንጉሡ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ፤ በሦስተኛው ቀን ጣሊያን ከተማዋን ያዘ።

እኛ እንደሚመስለን በዚያ ምክር ላይ ቴዎድሮስና ዮሐንስም ተቀምጠው ነበር። ያ ትውልድ ያደገው በፉከራ ነው። ወታደር ከዘመቻ በፊት ጌታው ፊት ይፎክራል፤ በሰው ፊት የተናገረው ቃል ጥይት ሲያፏጭ እግሩን ያስረዋል። ብዙ ሰው ታንክና አውሮፕላን ፊት የቆመው በዚሁ ነው፣ አንካድ። ግን «ዛሬ ላፈግፍግና ነገ ልመለስ» ብሎ የሚፎክር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

የሚገርመው ራስ እምሩ ናቸው። ንጉሡ ሲወጡ እንደራሴ ሆነው ምዕራብ ቀሩ፤ ታኅሣሥ 1929 ጎጀብ አካባቢ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ጣሊያን አገሩ ወስዶ አሰራቸው። ስማቸው ግን ዛሬም በክብር ነው የሚነሳው። ማይጨው ላይ የተዋጉት ንጉሥ ሲነሱ ደግሞ «ሸሹ» የሚለው ይቀድማል። እጅ መስጠት እንኳን ይቅር ተባለ፤ መሄድ ግን አልተባለም።

የጄኔቩ ንግግር አገር አላስለቀቀም። ቢሆንም ጣሊያን በ1932 ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ሲገጥም፣ ይዘውት የሚገቡት ሕያው ንጉሥ ነበረ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ገቡ። ከዚያ በኋላ አርበኛና ስደተኛ በሹመትም በወሬም ሲተያዩ ኖሩ። ብላታ ታከለ ከንጉሡ ጋር አልታረቁም ማለት ይቻላል፤ ሲታሰሩ ሲፈቱ ቆይተው በ1962 ከፖሊስ ጋር ሲታኮሱ ሞቱ።